በሸራ የተጋረደው መፋቂያ

ሚዛን ተፈሪ ገና አስፋልት ሳታይ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር የጭነት መኪኖች ጭቃ ውስጥ ተቀርቅረው በሚያድሩበት ዘመን፣ ከገበያው ቁልቁል ሲወርዱ በስተግራ አንዲት የብየዳ ቤት ነበረች። ባለቤቷ ሳህሉ ይባላል። በር ይሠራል፣ መስኮት ይሠራል፣ የተሰበረ ጋሪ ይበይዳል፤ ቡና በሚለቀምበት ወራት ደግሞ የመፈልፈያ ማሽን ሊጠግን እስከ ቴፒ ድረስ ይሄዳል። አባቱ ከወሎ በሥራ ተዛውረው መጥተው እዚያው የቀሩ የግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እሱ ግን ተወልዶ ያደገው በሚዛን ዝናብ ነው። ሲናገር ቀስ ይላል፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ሰው ሁሉ ዓይነ አፋር ነው ይለው ነበር። ይሁን እንጂ እውነተኛ ሀፍረት ምን እንደሚመስል በዚያ ጊዜ ገና አላወቀም።

ያገባት ሩሐማ ከሸዋ ቤንች አካባቢ የመጣች የቤንች ልጅ ናት። አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱ እናቷ እማማ ንጋቷ እንሰት ፍቀው፣ ቆጮ ሸጠው ነው ያሳደጓትና ያስተማሯት። እማማ ንጋቷ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ነበሩ። አማርኛቸው በቤንችኛ ዜማ ይወርዳል። ልጃቸው የኦርቶዶክስ ልጅ ላግባ ስትላቸው በወንጌላውያን ጸሎት ቤታቸው ሰዎች ፊት ቆመው፣ «ልጁን አይቼዋለሁ፤ እጁ ሥራ ይዟል፤ ይበቃኛል» ያሉ እሳቸው ናቸው። ሳህሉ ይህን ቃል ሰምቶ አልረሳውም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እማማ ንጋቷ ለገበያ መጡና እንደ ልማዳቸው ልጃቸው ቤት ጎራ አሉ። ሳህሉ ራሱ ሻይ ቀድቶ አቀረበላቸው። ብርጭቆውን ተቀበሉ፤ ጣቶቻቸው ግን አልጨበጡትም። ወለሉ ላይ ወድቆ ተሰበረ።

«ውይ ጉዴ!» አሉ፣ ስብርባሪውን ሊለቅሙ እየጎነበሱ። «ይቅርታ ልጄ። እጄ ዛሬ ዛሬ አይታዘዘኝም። ትናንት ስንፍቅ ውለን ነው።»

«ይተዉት እማማ፣ እኔ አነሣዋለሁ።»

«የሰው ዕቃ ሰብሬማ ቁጭ ብዬ አላይም።»

ሳህሉ አብሯቸው ሲጎነበስ እጃቸውን በቅርብ አየው። አውራ ጣታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ቀርቷል፤ መዳፋቸው እንደ ዛፍ ቅርፊት ተሰነጣጥቋል። ቀና ለማለት ወገባቸውን ይዘው አቃሰቱ፤ ማቃሰታቸውን እንዳይሰማባቸውም ሳል አስመሰሉት። ሳህሉ ሰምቷል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ሐሳብ ተቆራኘው። እንሰትን የሚፍቅ ማሽን መሥራት አለበት። ስድስተኛ ክፍል ሳለ የተማረበት መጽሐፍ ውስጥ ስለ ፈልሳፊዎች የሚያወራ ምዕራፍ ነበር። ጺማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ ዓይናቸው ሩቅ የሚያይ ሰዎች ሥዕል ነበረበት። አንዱ ጨለማን ያስወገደ፣ አንዱ መጻሕፍትን ለድኻ ያደረሰ፣ አንዱ የሸማኔን ድካም ያቀለለ። ጎረቤት እየሳቀባቸው፣ ጎተራቸው እየጎደለ፣ ለራሳቸው ሳይሆን ለሰው ልጅ ሲሉ ደከሙ ይላል መጽሐፉ። መምህሩ ይህን ሲያነቡ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ሳህሉም ጠመኔ የሸተተው ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ አንድ ቀን እኔም ብሎ ያስብ ነበር፤ ለማንም አልተናገረም እንጂ።

ችግሩ እንሰት እንዴት እንደሚፋቅ በዓይኑ አይቶ አለማወቁ ነው። በእነ እማማ ንጋቷ አገር እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው፤ ከቤት በስተጀርባ፣ እንሰቱ ጥላ ውስጥ፣ ሴቶች ተሰብስበው የሚሠሩት። ልብስ ከፍ ተደርጎ፣ እግር ተነሥቶ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ወንድ በዚያ በኩል አያልፍም። አማችማ ጭራሽ አይታሰብም። ሳህሉ የሚያውቀው ከቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲጠብቅ የሚሰማውን ድምፅ ብቻ ነው።

ሚስቱን ጠየቃት።

«ወንድ ልጅ በዚህ ምን አገባህ?» አለችው ሩሐማ እየሳቀች።

«ለማሽኑ ነው።»

«እንጨት ላይ ተደግፎ ይፋቃል። እግር ይይዘዋል። በቃ፤ ሌላውን አትጠይቀኝ፣ አፍራለሁ።»

እግር የሚለውን ቃል ያዘ። እግር ካለ ፔዳል አለ። ፔዳል ካለ ብስክሌት አለ። አንድ አሮጌ የቻይና ብስክሌት ገዛ፤ የኋላ ጎማውን አውልቆ በቦታው ከበርሜል የተቆረጠ፣ ዙሪያውን የብረት ጥርስ የተበየደበት ተሽከርካሪ ገጠመ። ሰው ኮርቻው ላይ ወጥቶ ሲነዳ ጥርሱ ይዞርና የእንሰቱን ግንድ ይፍቃል። ሐሳቡ ይህ ነበር።

ሐሳቡ ግን ቶሎ እሺ አላለውም። መጀመሪያ ካቴናው እየወለቀ አስቸገረ። ቀጥሎ ጥርሶቹ እየታጠፉ ወደቁ። ቀጥሎ ማሽኑ ራሱ እየተንሸራተተ ከብየዳ ቤቱ ወጥቶ መንገድ ገባ። ጎረቤቱ ታምሩ ጎሚስታ ነው፤ ከንጋት እስከ ማታ ጎማ ሲነፋ ምላሱም አብሮ ይነፋል።

«ሳህሉ! ብስክሌትህ ዛሬ የት ደረሰ?»

«እየሠራሁት ነው።»

«እኔ እኮ በቀጥታ ማጂ ይገባል ብዬ ነበር። ቆሞ የሚሄድ ብስክሌት ሚዛን ላይ ተገኘ!»

ደንበኞች በር አዝዘው በር ሳያገኙ ተመለሱ። ሩሐማ አንዳንድ ቀን ዝም ብላ ታየውና ወደ ጓዳ ትገባለች። ሳህሉ ግን ከገበያ የእንሰት ግንድ እያስመጣ፣ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ኮርቻው ላይ እየወጣ፣ ሲነዳና ሲወርድ፣ ሲያስተካክልና መልሶ ሲነዳ አንድ ክረምት አለፈው። ዝናቡ ሊያባራ ሲል ማሽኑ ሠራ። ግንዱን አስጠጋለት፤ ነዳ፤ ነጭ ነጩ እየተፋቀ ረገፈ። ታምሩ እንኳ ጎማውን ጥሎ መጥቶ፣ «ወይ ጉድ፣ የምርህን ነው ለካ!» አለ።

«ሸጠህ ትከብራለህ» አለው ደግሞ ቆይቶ።

«አልሸጠውም። የመጀመሪያው ለአማቴ ነው። ከዚያ የፈለገ አይቶ ይቅዳው።»

ይህን ሲል ከልቡ ነበር። በሌላ ቀን ያሳፈረው ነገር ብዙ ነው፤ ይህ ግን አላሳፈረውም።

ማሽኑን በእሑድ ቀን በጋሪ አስጭኖ ወደ እማማ ንጋቷ መንደር ወሰደው። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ አቶ ሲላስ፣ ከአምልኮ በኋላ ግቢው ውስጥ እንዲያሳይ ፈቀዱለት። ሕዝቡ ወጥቶ ከበበው፤ ወንዱም ሴቱም፣ አዛውንቱም ጎረምሳውም። ሳህሉ የሠርጉን ኮት ለብሷል።

«እናቶቻችን» ብሎ ጀመረ፣ «እናቶቻችን ከዛሬ ጀምሮ ወገባቸው አይጎብጥም፤ እጃቸው አይሰነጠቅም።»

ራሱ ወጥቶ ነዳ። ግንዱ ተፋቀ። ወንዶቹ አጨበጨቡ። ጎረምሶቹ አፏጩ።

«እስቲ ሴቶቹ ይሞክሩት!» አለ አንዱ ከኋላ።

አንዲትም ሴት አልተነቃነቀችም። አንዳንዶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ አንዳንዶቹ በቤንችኛ እርስ በርሳቸው አንሾካሾኩ። ሩሐማ ከመካከላቸው ሆና ዓይኑን ልትይዝ ሞከረች፤ ተው እንደማለት ራሷን ነቀነቀችለት። ሳህሉ አያት እንጂ አልገባውም። ማሽኑን የፈሩት መሰለው። መጽሐፉም አዲስ ነገር ሁልጊዜ ይፈራል ይል ነበር።

«እማማ» አለ ጮክ ብሎ፣ «እርስዎ ይጀምሩልኝ።»

 እማማ ንጋቷ አማቻቸውን አዩት። ኮቱን አዩት፣ ላቡን አዩት። እምቢ ቢሉ በወገኖቻቸው ሁሉ ፊት የልጃቸውን ባል ሊያሳፍሩት ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ፊት መጡ። ኮርቻው ላይም ሁለት እግራቸውን በአንድ ወገን አድርገው፣ ሴት በቅሎ ላይ እንደምትቀመጠው ተቀመጡ።

ሳህሉ ከዚያ በኋላ በኖረበት ዘመን ሁሉ ሊያስታውሰው የማይፈልገውን፣ ነገር ግን ሳይጠራው የሚመጣበትን ቃል የተናገረው ያኔ ነው።

«እንዲያ አይደለም እማማ፤ አንድ እግርዎን ወዲያ ያሻግሩት።»

አሻገሩት። የክት ቀሚሳቸው ከጉልበታቸው በላይ ተሰበሰበ። ከጎረምሶቹ አንዱ ሳቀ። እማማ ንጋቷ ቀሚሳቸውን በአንድ እጅ ወደ ታች እየጎተቱ ፔዳሉን ረገጡ፤ አንዴ ዞረ፣ ደገመ። ከዚያ የቀሚሱን ጫፍ ካቴናው ነከሰው። ሊያላቅቁት ሲጎትቱ ጨርቁ እስከ ወገባቸው ተቀደደና ከነኮርቻው ወደ ጎን ወደቁ፤ ጉልበታቸው፣ ጭናቸው፣ የውስጥ ልብሳቸው በወንዱ ሁሉ ፊት ተገለጠ።

ሴቶቹ እየጮኹ ሮጡ። ነጠላቸውን ዘርግተው እንደ ግድግዳ ከበቧቸው። ሳህሉ ሊያነሣቸው ሲቀርብ ሩሐማ በሁለት እጇ ደረቱን ገፋችው።

«ዞር በል! ዞር በል እባክህ፣ አትይ!»

ዞረ። ፊቱን ወደ ጸሎት ቤቱ ግድግዳ አዙሮ ቆመ። ከኋላው የጨርቅ ድምፅ፣ የሴቶች ትንፋሽ፣ የጎረምሶች የታፈነ ሳቅ ይሰማዋል። ቆይቶ የእማማ ንጋቷ ድምፅ መጣ። ቀስ ያለ፣ ለሁሉም እንዲሰማ የተባለ።

«ብረቱ ጥሩ ነው» አሉ። «እኔ ነኝ ያልቻልኩበት።»

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለሳህሉ የከበደ ነበር። ሩሐማ እናቷ ዘንድ ሰንብታ ተመለሰች፤ ምግብ ታቀርባለች፣ ቃል ግን አታወጣም። እማማ ንጋቷ ወደ ገበያ መምጣት ተዉ። ወደ ጸሎት ቤትም መሄድ ተዉ። ወሬው ግን ከእሳቸው በፊት ገበያ ደርሷል። «ብስክሌት ነጂዋ» የሚል ስም ወጣላቸው። ጠጅ ቤት የሚቀመጡ ወንዶች ሚስቶቻቸው ለመፋቅ ሲነሱ፣ «ብስክሌትሽን አትርሺ» ይሏቸው ጀመር። የአንድ ሴት ሀፍረት የመንደሩ ሴቶች ሁሉ ሀፍረት ሆነ። መጽሐፉ ፈልሳፊዎች እንዴት እየወደቁ እንደተነሡ በሰፊው ይናገራል፤ ሌላ ሰው እንዳስወደቁ የሚናገር አንድ መስመር እንኳ ግን አልነበረውም።

ሳህሉ አቶ ሲላስን ይዞ ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ። እማማ ንጋቷ ከጓዳ አልወጡም። በሰው፣ «ይቅር ብዬዋለሁ በሉት» ብለው ላኩ። አቶ ሲላስ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኙት።

«በእውነት ይቅር ብላሃለች» አሉት። «አንተን አልሸሸችም፤ እኛን ነው የሸሸችው። እኛ ነን ያየናት። እኔም አይቻለሁ፤ ዓይኔን ከእሷ ላይ ለማንሣት ዘገየሁ። ሰው ያየውን እንዳላየ እንዴት ታደርገዋለህ?»

ሳህሉ ተሰናብቷቸው ሄደ። ቤቱ ሲገባ መጋዙን አነሣና ማሽኑን ይቆርጥ ጀመር። ኮርቻውን ቆረጠ፤ መሪውን ቆረጠ። ሩሐማ የብረቱን ጩኸት ሰምታ ከቤት ወጣች። ዝምታዋን የሰበረችው በዚያን ጊዜ ነው።

«ይህን የምታደርገው ለማን ነው?»

«ሁለተኛ እንዳላየው።»

«ለራስህ ነዋ!» አለችው። «እናቴ ትናንትም ስትፍቅ ነው የዋለችው። ዛሬም እየፋቀች ነው። አንተ አፍረህ ብትተኛ የእሷ እጅ ይድናል? አሳፍረሃት ደግሞ ጥለሃት ልትሄድ?»

መጋዙን አስቀመጠ። 

«እንግዲያው ንገሪኝ» አላት። «እንዴት እንደሚፋቅ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«በመንገር አይሆንም። ተቀመጥ።»

የብየዳ ቤቱን በር ዘጋችው። መሬት ላይ የኮባ ቅጠል አነጠፈች፤ ሳንቃ ግድግዳው ላይ አዘንብላ አቆመች፤ ከግንዱ የተላጠ ቁራጭ አስደገፈችበት። «እግርህን አንሣና በተረከዝህ ያዘው። ከዚያ በላይ። አዎ። አሁን በዚህ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ወደ ታች ግፋ። በክንድህ ሳይሆን በወገብህ።» ሳህሉ ሱሪውን እስከ ጭኑ ጠቅልሎ፣ እግሩን ሰቅሎ መፋቅ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ወገቡ ነደደ። አውራ ጣቱ ደነዘዘ። ፈሳሹ በክንዱ ቁልቁል እየወረደ ብብቱ ገባ። ሴት ሁሉ፣ ሚስቱም፣ አማቱም፣ ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ተቀምጠው መዋላቸውን እያሰበ አንገቱን ደፋ።

በሩ ከውጭ ተገፋና ተከፈተ። ታምሩ ነው፤ መፍቻ ሊዋስ መጥቶ። ቆመና አየ፤ የተሰቀለውን እግር አየ፣ ራቁቱን ጭን አየ፣ ቀርከሃውን አየ።

«ሳህሉ?»

«እ።»

«ምን እያደረግህ ነው?»

መዋሸት ይቻል ነበር። አንድ ነገር እየለካሁ ነው ማለት ይቻል ነበር። ሳህሉ ፊቱ እንደ ጋለ ብረት ቀላ።

«እንሰት እየፋቅሁ ነው» አለ።

ታምሩ የበሩን መቃን ይዞ ሳቀ። ተንበርክኮ ሳቀ። «ወይኔ! ወይኔ የእናቴ ልጅ! ይህን ሳላይ ሞቼ ቢሆንስ!»

«ታምሩ በእግዚአብሔር» አለች ሩሐማ በድንጋጤ፣ «ለማንም እንዳትናገር!»

«ኧረ አልናገርም፤ ጎረቤት አይደለሁም እንዴ?» አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

«ተናገር» አለ ሳህሉ።

«ምን?»

«ተናገር። ለሁሉም ንገር። ገበያው ላይ ንገር፣ ጠጅ ቤት ንገር። ስለ አማቴ ሲያወሩ ስትሰማ፣ አንተ የእኔን አውራላቸው።»

የታምሩ ሳቅ ቆመ። «የምርህን ነው?»

«የምሬን ነው።»

«ሚዛን ዕድሜ ልክህን አትለቅህም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ታምሩ አንገቱን እየነቀነቀ ወጣ። መፍቻውንም ረሳው። ሥራውን ግን አሳምሮ ሠራ፤ ለወሬ የተፈጠረ ሰው ነውና። አይቶ የመጣውን ብቻ ሳይሆን ያላየውንም ጨመረበት። ሳህሉ ሻሽ አስሮ ነበር አለ። ሲፍቅ ያንጎራጉር ነበር አለ። ወዲያው «ወይዘሮ ሳህሉ» የሚል ስም ከገበያ እስከ መኪና ማቆሚያው ተዳረሰ። የቡና ነጋዴዎች ሲያልፉ፣ «ወይዘሮ ሳህሉ፣ ቆጮው ደረሰ?» ይሉታል። ሕጻናት ከበሩ ላይ ቆመው እግራቸውን ይሰቅሉበታል። በር ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ፣ «ቆይ፣ ፋቂው አንተ ነህ?» ብሎ ትቶት ሄደ። ሳህሉ እየቀላ፣ እያላበው፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ይል ነበር። አልለመደውም። በተጠራ ቁጥር እንደ መጀመሪያው ቀን ያፍር ነበር። ስለ «ብስክሌት ነጂዋ» የሚያወራ ግን ጠፋ፤ አዲሱ ሳቅ አሮጌውን ዋጠው።

ከዕለታት በአንዱ የገበያ ቀን፣ ሳህሉ ሚስማር ገዝቶ ሲመለስ የቆጮ ሻጮቹ መስመር ጋ አንድ ጎረምሳ፣ «ወይዘሮ ሳህሉ! ዛሬ ፈትተው ነው ወይስ ከነባልዎ?» አለው። ዙሪያው ሁሉ ሳቀ። ሳህሉ አንገቱን ደፍቶ ሊያልፍ ሲል ከሻጮቹ መካከል የሚያውቀው ድምፅ ተነሣ።

«የማነው ይሄ አፍ?»

እማማ ንጋቷ ነበሩ፤ ከዚያ እሑድ ወዲህ ገበያ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ቆጯቸውን በኮባ ጠቅልለው ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ሰውም ዞሮ አያቸው። እሳቸው ግን ተነሥተው ወገባቸውን ያዙ።

«አማቼ ፍቋል» አሉ ጮክ ብለው። «ውሸት አይደለም። ግን ፋቂ ነው ካላችሁ እኔን ጠይቁኝ! እሱ የፋቀውን ልጄ አምጥታ አሳይታኛለች። ግማሹን ከቃጫው ጋር ጥሎታል! ይሄ ሴት ሆኖ ቢፈጠር ኖሮ ማን ያገባው ነበር?»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ቆጮ ሻጮቹ እጅ ለእጅ ተመታቱ። እማማ ንጋቷም ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። ሳህሉ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ፤ የሚገባበት ጉድጓድ ቢያገኝ በገባ። በጣቶቹ መካከል ግን አማቱ በሰው መካከል ቀጥ ብለው ቆመው ሲስቁ ያይ ነበር።

ሳቁ ሲበርድ ጠጋ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩት።

«የብረትህ ጥርስ ስለታም ነው፤ ቃጫውን ይበጥሰዋል። ደንደን ያለ ይሁን። ደግሞ ውሃውን መሬት ጠጣው። ቡላው ያለው እኮ እዚያ ውሃ ውስጥ ነው።»

ለካ በዚያ ቀን፣ በዚያ ውርደት መካከል ሆነው፣ ማሽኑን አይተውት ኖሯል።

«እሺ እማማ» አለ ሳህሉ።

ከዚያ በኋላ ሥራው በሦስት ሰው እጅ ሄደ። ሳህሉ ይሠራል፤ ሩሐማ ወደ እንሰቱ ጥላ ይዛ ትገባለች፤ እማማ ንጋቷ ይሞክሩና ስሕተቱን ይልካሉ። «እጀታው ከፍ አለ።» «ዘይቱ ቆጮውን አሸተተው።» «ይሄኛውስ አህያ ነው የሚያዞረው?» እየተባለ ተመላለሰ። ዓመታት ሄዱ። ኮርቻ የለም፣ ፔዳል የለም፤ ዝቅ ያለ ነገር ሆነ። አንዷ ሴት መሬት ላይ እግሯን ሰብስባ ተቀምጣ ግንዱን ታስጠጋለች፤ ሌላዋ አጠገቧ ሆና እጀታውን ታዞራለች። ከሥሩ ውሃውን የሚቀበል የላሜራ ገንዳ አለው። ማሽኑ ሴቶቹ መካከል ሲሠራ ግን ሳህሉ አንድም ቀን አላየውም። የቴፒ ብየዳ ቤቶች ሊቀዱት ሲመጡ ልኩን እየሰጠ ይሸኛቸው ነበር። «ስምህን እንጻፍበት?» ሲሉት ይደነግጣል። ስሙ ያለበትን ነገር ሰው ሲያይ የሚያስታውሰው አንድ እሑድን ነው።

ከሚሌኒየሙ በኋላ ነው፤ ሚዛን ላይ የፈጠራ ሥራ ትርዒት ተዘጋጀ ተባለና አቶ ሲላስ ሳያማክሩት ስሙን አስመዘገቡ። ሊቀር አስቦ ነበር። እማማ ንጋቷ ግን፣ «ከነሩሐማ እኔ ነኝ የማሳየው፤ ሌላ ሰው ያበላሸዋል» ብለው ከተማ ወጡ። ሳህሉ በዚያ ጠዋት ከሁሉ በፊት ሜዳው ላይ ደርሶ አራት እንጨት ተከለ፤ ከቡና ነጋዴ የተዋሰውን ሸራ ዙሪያውን ወጠረ። ማሽኑ፣ አማቱና ሚስቱ ከሸራው ውስጥ ሆኑ፤ እሱ ከውጭ ቆመ።

ዳኞቹ ሲደርሱ ሸራውን አዩ።

«ክፈተው እንጂ» አሉት ሰብሳቢያቸው። «ምኑን እናይ?»

«አይከፈትም ጌታዬ።» ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ። «ሥራው የሴቶች ነው። ወንድ አያየውም።»

«ማሽን እኮ ነው!»

«ማሽኑ ሲያበቃ ይታያል። ሲሠራ ግን አይታይም።»

ከሕዝቡ መካከል ሳቅ ተነሣ። «ወይዘሮ ሳህሉ ናቸው እኮ! ከሸራው ምነው ወጡ?» አለ አንዱ። ሌሎቹ አጀቡት። ሳህሉ አንገቱን ደፋ። ከሸራው ውስጥ ግን እጀታው መዞር ጀመረ፤ ለስላሳ፣ ያልተቆራረጠ፣ እሱ ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቅ ድምፅ ነበር። ውስጥ እማማ ንጋቷ አንድ ነገር ተናገሩና ሩሐማ ሳቀች።

ዳኞቹ ጥቂት ቆሙ፤ ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። «ያላየነውን ልንፈርድ አንችልም» ብለው ቡና ማድረቂያ ወደ ሠራው ወጣት አለፉ። ሽልማቱንም በኋላ እሱ ወሰደ።

ከቀትር በኋላ ከበበቃ የቡና እርሻ በኩል ነፋስ ተነሣ። የሸራውን ግርጌ እያራገበ ያነሣው ጀመር። ቆመው የቀሩት ጎረምሶች አንገታቸውን አሰገጉ። ሳህሉ ጀርባውን ለሸራው፣ ፊቱን ለሰዎቹ ሰጥቶ ቆመ። ጉንጮቹ እንደ እሳት ይግላሉ፤ ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ነፋሱ በመጣ ቁጥር ግን በሁለት ጫማው የሸራውን ጫፍ ይረግጥ ነበር።